ያ ዋርካ ስንት ዓመቱ ነው? ስለ ትልልቅና ዕድሜ ጠገብ ዛፎቻችን

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ችግኝ እንሰማለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ የችግኝ ቁጥር በየዓመቱ ዜና ነው። መትከሉ መልካም ነው። ቀድመው የቆሙትስ? በየደብሩ፣ በየመቃብሩ ሥፍራ፣ በየገበያው ዳር ያሉት አንጋፋ ዛፎች ስንት ናቸው? ትልቁ የቱ ነው? ዕድሜው የገፋውስ?

እነዚህን ዛፎች የማያውቅ የለም። ጥላቸው ሥር ሰው ታርቋል፣ ዕድር ተሰብስቧል፣ ልጅ አድጓል። በአዲስ አበባ ሾላ ገበያና ወይራ ሰፈር፣ በአዊ ደግሞ ኮሶበር ስማቸውን የያዙት ከዛፍ ነው። ልኩን የሚያውቅ፣ በወረቀት ያሰፈረ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ትልቅ ዛፍ እንዴት እንደሚለካ፣ ዕድሜው በምን እንደሚታወቅ፣ ከችግኝ በምን እንደሚለይና ምን እንደሚገድለው በቀላሉ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

«ትልቅ ዛፍ» የሚባለው የቱ ነው?

ዛፍ ሦስት ልክ አለው። የግንዱ ዙሪያ፣ ቁመቱና የጥላው ስፋት። አንዱን ብቻ ይዞ «ትልቁ ይህ ነው» ማለት ያከራክራል። ዋርካ ብዙ ጊዜ ጥላው ከቁመቱ ይሰፋል። ዝግባ ደግሞ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ከተመቸው 45 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በአፍሪካ እስካሁን ከተለኩት አገር በቀል ዛፎች ሁሉ ረጅሙ የተገኘው በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ሸለቆ ውስጥ ነው። ቁመቱ 81.5 ሜትር መሆኑ ይፋ የተደረገው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ አህጉራችን እንዲህ ያለ አገር በቀል ዛፍ እንዳላት የመዘገበ አልነበረም። ካልተለካ አይታወቅማ።

በአሜሪካ አንድ የደን ድርጅት በ1940 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ የየዝርያው ትልቁ ዛፍ የሚጻፍበት መዝገብ አለ። ክርክር እንዳይነሳ ሦስቱ ልኮች ተደምረው ነጥብ ይሰጣል። የግንዱ ዙሪያ በኢንች፣ ቁመቱ በጫማ፣ የጥላው ስፋት ደግሞ በጫማ ተለክቶ ሩቡ ብቻ ይደመራል። ለምሳሌ የግንዱ ዙሪያ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሜትር፣ የጥላው ስፋት 28 ሜትር የሆነ ዛፍ አለ እንበል። ዙሪያው 197 ኢንች፣ ቁመቱ 82 ጫማ፣ የጥላው ሩብ 23 ጫማ ይሆናል። ድምሩ 302 ነጥብ ነው። ይህን ምሳሌ ያዙት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የግንዱ ዙሪያ የሚለካው ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ አዋቂ ሰው ደረት ግድም ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚለካው ግንድ መሬት አካባቢ ስለሚሰፋ ነው። ሥሩ እንደ ግድግዳ ወጥቶ ግንዱን የደገፈ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይለካና ከፍታው ይጻፋል። ሜትር ከሌለ ሲባጎ ይበቃል። ዞር አድርጎ ይዞ፣ ኋላ መሬት ላይ ዘርግቶ መለካት ነው።

ቁመቱን ለመለካት መውጣት አያስፈልግም። ክንዳችሁን ወደፊት ዘርጉ። ከዓይናችሁ እስከ ጭብጣችሁ ያለውን ርቀት የሚያህል ቀጥ ያለ ዱላ ከጭብጣችሁ በላይ አቁማችሁ ያዙ። ከዚያ ወደ ኋላ እያፈገፈጋችሁ ሂዱ። የዱላው ጫፍ ከዛፉ ጫፍ፣ ጭብጣችሁ ከዛፉ ግርጌ ጋር ሲገጥም ቁሙ። ከቆማችሁበት እስከ ግንዱ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ብዙ አይሳሳትም። ሕፃናት ይህን ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል፤ የሂሳብ ትምህርት ከመጽሐፍ ወጥቶ ዛፍ ላይ ይቆማል።

ትልቅ ሁሉ አንጋፋ ነው?

አይደለም። ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል። ወደ አዲስ አበባ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከተማዋ ማገዶ አጥሯት ወደ ሌላ ሥፍራ ልትዛወር በተቃረበችበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በመዲናዋ ያለ ማንኛውም ባሕር ዛፍ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ከ130 ዓመት ብዙም አያልፍም። ወይራ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እንጨቱ ከባድና ጠንካራ የሆነውም ለዚሁ ነው። ሰው በእጁ የሚያቅፈው ወይራ ከአጠገቡ ካለው ግዙፍ ባሕር ዛፍ በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

በዓለም ላይ ዕድሜያቸው በትክክል ከታወቁት አንጋፋ ዛፎች አንዱ በካሊፎርኒያ ደረቅ ተራራ ላይ ያለ የጥድ ዘመድ ነው። ማቱሳላ ይሉታል። ዕድሜው ከ4,800 ዓመት በላይ ነው። መልኩን ያየ ግን ግዙፍ አይለውም፤ የተጠማዘዘ፣ ግማሹ የደረቀ ዛፍ ነው። የሚኖረው ድንጋያማና ብርዳማ ቦታ ላይ ነው። ቀስ እያለ ስለሚያድግ እንጨቱ ጠጣር ነው፣ ብስባሽና ተባይ አይደፍረውም። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ትክክለኛ ቦታውን ለሕዝብ አይናገርም። ሰው ሄዶ እንዳይጎዳው ነው።

ስለዚህ አካባቢያችሁ ውስጥ ትልቁን ዛፍ ስትፈልጉ ሁለት ዝርዝር ያስፈልጋል። አንዱ ለግዙፎቹ፣ አንዱ ለአንጋፎቹ።

ዕድሜው በምን ይታወቃል?

ዛፍ የሚወፍረው ከቅርፊቱ ሥር ባለ ስስ ሕያው ሽፋን ነው። ያ ሽፋን በየዓመቱ አዲስ እንጨት ይጨምራል። ብርድ ባለበት አገር የብርዱ ወቅት እድገቱን ያቆመዋል። ሲቆምና ሲነሳ በእንጨቱ ላይ ቀለበት ይቀራል። አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው። ለመቁጠር ደግሞ ዛፉን መቁረጥ የግድ አይደለም። ባዶ በሆነ ቀጭን መሰርሰሪያ ከግንዱ እርሳስ የሚያህል ዘንግ ማውጣት ይቻላል።

በእኛ አገር ነገሩ ይወሳሰባል። እድገቱን የሚያቆመው ብርድ ሳይሆን የበጋ ድርቅ ነው። በልግና ክረምት ሁለቱም በሚዘንቡበት አካባቢ ዛፉ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊቆምና ሊነሳ ይችላል። ያኔ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ይወጣል። ክፉ ድርቅ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች በአንድ ዛፍ የማይተማመኑት። ከብዙ ዛፎች ናሙና ወስደው ያስተያያሉ፣ የታወቁ የድርቅ ዓመታትን ይፈልጋሉ። ዶክተር አስቴር ገብረክርስቶስ በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚጠራ ኢትዮጵያውያን አንዷ ናቸው። የሐበሻ ጥድ ቀለበቱ በአንጻራዊነት ግልጽ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ብዙ አገልግሏል። ስስ ቀለበት የደረቀ ዓመትን፣ ሰፊ ቀለበት የጠገበ ዓመትን ይናገራል። የዝናብ መለኪያ ባልነበረበት ዘመን ምን ያህል እንደዘነበ የምናውቅበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ዋርካና ሾላ ግን ግልጽ ቀለበት የላቸውም። ባኦባብ የሚባለው ግንደ ወፍራም የቆላ ዛፍም እንዲሁ ያስቸግራል። በውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ብዙ ግንዶች ተጋጥመው አንድ መስለው ይቆማሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ከእንጨቱ ውስጥ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በካርቦን ልኬት ዕድሜው ይገመታል። በዚህ ዘዴ የአፍሪካን ባኦባቦች ያጠኑ ባለሙያዎች በ2018 እ.ኤ.አ. አሳዛኝ ነገር ይፋ አድርገዋል። እጅግ አንጋፋ ከነበሩት 13 ዛፎች 9ኙ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወይም አንጋፋው ክፍላቸው ሞቷል። ጥናቱ ያተኮረው በአብዛኛው በደቡባዊ አፍሪካ ላይ ነው። ዛፉ ግን እኛም ጋ አለ፤ በተከዜ ሸለቆና በመተማ ቆላ።

ሦስተኛው ማስረጃ የሰው ትዝታ ነው። መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ስላሉት ጥዶች አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሏቸው ይነገራል። ይህ የቃል ታሪክ ነው። የደኑን ታሪክ እንጂ የእያንዳንዱን ዛፍ ዕድሜ አይነግረንም። «ይህ ዛፍ 800 ዓመቱ ነው» ሲባል «በምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ የአንድ አዛውንት «አያቴም እንዲሁ ትልቅ ሆኖ ነው ያገኙት» የሚል ምስክርነት ከተጋነነ ቁጥር ይበልጥብኛል። ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ሊወስደን ይችላል፤ ማን እንደተናገረውም ይታወቃል።

ውስጡ ባዶ ከሆነ ሞቷል ማለት ነው?

አይደለም። ይህን አለማወቅ ብዙ ዛፍ አስቆርጧል።

የዛፍ ሕይወት ያለው ዳር ላይ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋንና እሱን ተከትሎ ውኃ የሚያወጣው እንጨት ናቸው የሚሠሩት። መሐሉ ያለው እንጨት ሥራውን ከጨረሰ ቆይቷል። ሲበሰብስ ዛፉ አይሞትም። ቧንቧ ውስጡ ባዶ ሆኖ ጠንካራ እንደሚሆነው፣ ዳሩ በቂ ውፍረት እስካለው ድረስ ባዶ ግንድም ቆሞ ብዙ ዘመን ይኖራል። እንዲያውም ከመበስበሱ የሚወጣው ብስባሽ ለራሱ ለዛፉ ማዳበሪያ ይሆናል።

ባዶው ክፍት ቦታ ቤትም ነው። ጉጉት ይገባበታል፣ ንብ ይሰፍርበታል፣ የሌሊት ወፍ ያድርበታል። በደጋ ደኖቻችን የምትኖረው ትልቅ ምንቃሯ ቀንድ የተሸከመ የምትመስል ወፍ የምትጥለው በዛፍ ዋሻ ውስጥ ነው። እንቁላል ለመጣል ትገባና ደጁን በጭቃ ትዘጋዋለች። በቀረው ቀጭን ቀዳዳ ወንዱ ይቀልባታል። ይህቺ ወፍ የምትገባበት ቀዳዳ በወጣት ዛፍ ላይ አይገኝም። ቅርንጫፍ ተሰብሮ፣ ቁስሉ በስብሶ፣ ጉድጓዱ እስኪሰፋ ብዙ አሥርት ዓመታት ይወስዳል።

እርግጥ ባዶ ዛፍ ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። መንገድ ዳር ያለ፣ ያዘነበለ ወይም ሥሩ የተነቀለ ከሆነ ባለሙያ ይየው። ብዙ ጊዜ አደገኛ የሆነውን ቅርንጫፍ ብቻ ማንሳት ይበቃል።

አንድ አንጋፋ ዛፍ ከመቶ ችግኝ በምን ይበልጣል?

ለረጅም ጊዜ «ያረጀ ዛፍ እድገቱ ቆሟል፣ ወጣቱ ነው የሚጠቅመው» ይባል ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የ403 ዝርያ ዛፎችን መረጃ የመረመረ ሰፊ ጥናት ወጣ። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ዛፉ ትልቅ በሆነ ቁጥር በዓመት የሚጨምረው እንጨት ይበዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቁመቱ ቢቆምም ቅጠሉ ብዙ ነው፣ አዲሱ እንጨት የሚለበስበት ግንድና ቅርንጫፍም ሰፊ ነው። ስስ ሽፋን ሰፊ ገላ ላይ ሲለበስ ክብደቱ ብዙ ይሆናል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዓለም ዙሪያ 48 የደን ቦታዎች ተጠንተው፣ ከዛፎቹ ሁሉ ትልልቆቹ 1 በመቶ ብቻ የጠቅላላውን ክብደት ግማሽ ያህል ይዘው ተገኙ። የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። አየሩን የሚያሞቀው ጋዝ ከአየር ወጥቶ የተቀመጠው እዚያ ነው።

ለእኛ አገር ግን ከካርቦኑ በላይ የሚያሳስበኝ ዘሩ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ፕሮፌሰር ደመል ተክታይ በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ አፈር ቆፍረው በውስጡ ያለውን ዘር አጥንተዋል። ውጤቱ ቆም ብሎ ለማሰብ ያስገድዳል። አብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘራቸው አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት አይቆይም። ይበቅላል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ እናት ዛፏ ከተቆረጠች «መሬቱን ብንከልለው መልሶ ይበቅላል» የሚለው ተስፋ ለእነዚህ ዝርያዎች አይሠራም። ዘሩ ዛፉ ላይ ነበር፤ አብሮ ሄዷል።

ሌላም አለ። ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በአብዛኛው ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ዛፍ ናቸው። ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት፤ የምታፈራውም በአካባቢው ወንድ ካለ ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ የቀሩት ሁለት ትልልቅ ዝግባዎች ሁለቱም ወንድ ከሆኑ ዘር አይኖርም። ከሩቅ ሲታዩ ግን ጤነኞች ናቸው፣ ለምለሞች ናቸው። ማንም የጎደለውን አያውቅም።

ይህ ችግኝ አትትከሉ ማለት አይደለም። ችግኝ ጣቢያው የሚዘራው አገር በቀል ዘር የሚለቀመው ከእነዚሁ አንጋፎች ሥር ነው።

ዋርካና ሾላስ ምን የተለየ አላቸው?

የበሰለ የሾላ ፍሬ ወስዳችሁ ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ክሮች የተሞላ ነው። እያንዳንዷ ክር አበባ ናት፤ አበባው ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ዋርካም ሾላም «አበባ የለውም» የሚባለው። ደጋግሞ ያየ ሰው በውስጡ የሞቱ ወይም የሚሳቡ ጥቃቅን ነፍሳት አይቷል። እነሱ ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። ሴቷ ተርብ በፍሬው ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ክንፏ እስኪቀደድ ተጨንቃ ትገባለች። ከሌላ ዛፍ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ተፈልፍለው ብናኝ ይዘው ይወጣሉ። ከዋርካና ከሾላ ወገን የሆነ እያንዳንዱ ዝርያ በአብዛኛው የራሱ ተርብ አለው። ተርቧ ያለ ዛፉ አትኖርም፤ ዛፉም ያለ ተርቧ ዘር የለውም።

ተርቦቹ ዘራቸው እንዳይቋረጥ ዓመቱን ሙሉ ፍሬ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ እነዚህ ዛፎች ሁሉም በአንድ ወቅት አያፈሩም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ሌላው ዛፍ ሁሉ ባዶ በሆነበት ወር ጉሬዛው፣ ጦጣው፣ አረንጓዴዋ ርግብ፣ የሌሊት ወፉ የሚሮጠው ወደዚያ ነው።

ወፏ የበላችውን ዘር ሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወይም የድንጋይ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ትጥለዋለች። እዚያው ይበቅላል። ሥሩን ቀስ እያለ ወደ ታች ያወርዳል። ጎንደር፣ የአፄ ፋሲል መዋኛን የጎበኘ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። የጥምቀት በዓል በሚከበርበት ግቢ ዙሪያ ግዙፍ ሥሮች በድንጋዩ አጥር ላይ ተዘርግተው፣ ድንጋዩን አቅፈው ወደ መሬት ወርደዋል። ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቀዋል፣ ያው ሥር ደግሞ ጨብጦ ይይዘዋል። አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማዳን ከባድ ነው። የጎንደር ሰው እዚያው ከተማ፣ ከፋሲል ግቢ አጠገብ ያለውን የጃን ተከል ዋርካንም የከተማው ታሪክ አካል አድርጎ ነው የሚጠራው።

እስካሁን ማን ጠበቃቸው?

በአመዛኙ እምነትና ባህል። በሰሜኑ ክፍል ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት ላይ ሲታይ ሰፊው የእርሻ መሬት ቡናማ ነው። በመሐሉ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። በደብሩ ቅጥር ግቢ ያለ ዛፍ የታቦቱ ነው፣ አይቆረጥም። ብዙ ቦታ የአካባቢው የመጨረሻ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የቀረው እዚያ ውስጥ ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ካህናቱና ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠሩ ረድተዋል። ድንጋዩ ከእርሻው ይለቀማል፤ እርሻው ይጸዳል፣ ደኑ ከከብት ይጠበቃል። ከካቡ በስተጀርባ ቡቃያው መልሶ መታየት ጀምሯል።

በኦሮሞ ዘንድ ኦዳ የጉባኤ ዛፍ ነው። በዱከም አቅራቢያ ያለው ኦዳ ነቤ፣ በምዕራብ ሐረርጌ ያለው ኦዳ ቡልቱም የገዳ ሸንጎ የተቀመጠባቸው፣ ሕግ የተነገረባቸው ቦታዎች ናቸው። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በሌላውም አካባቢ አድባር አለ፤ ሰው የሚያከብረው፣ የማይደፍረው ዛፍ ማለት ነው። «ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» የሚለው ተረት የመጣው ከዚሁ ኑሮ ነው። በአድባር የሚያምንም የማያምንም አለ። ዛፉ መትረፉን ግን ሁሉም ያያል።

መንግሥትም ሕግ አውጥቷል። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ እንዳይቆረጡ ለይቶ ከልክሎ ነበር። ኋላ ሌሎች የደን አዋጆች ተተክተውበታል። እነዚህ ሕጎች በዋናነት የሚናገሩት ስለ ደንና ስለ ዝርያ ነው። አንድ ገበያ ዳር ለብቻው የቆመ ዋርካ ግን ስም ኖሮት ካልተመዘገበ መንገድ ሲሰፋ የሚሟገትለት የለም።

መጥረቢያ ካላረፈበት ምን ይገድለዋል?

ብዙ ጊዜ የሚገድለው ከሥሩ የሚሠራው ሥራ ነው።

ሥር በጣም ጠልቆ የሚወርድ ይመስለናል። አብዛኛው የዛፍ ሥር ግን በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ወደ ጎን ደግሞ ከጥላው አልፎ ይሄዳል። ይህ ሥር ውኃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። ዙሪያው በሲሚንቶ ሲለሰን፣ አፈር ሲቆለልበት፣ መኪና ሲቆምበት አፈሩ ይጠቀጠቃል። አየርም ውኃም አይገባም። ለቧንቧ ወይም ለአጥር ቦይ ሲቆፈር ደግሞ ሥሩ ይቆረጣል። ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ከሁለት፣ ከአምስት፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በኋላ ነው ጫፉ መድረቅ የሚጀምረው። ያኔ «አርጅቶ ነው» ይባላል። ቦዩን የቆፈረውን የሚያስታውስ የለም።

ክፉው ነገር ብዙ ጊዜ የሚደረገው በፍቅር መሆኑ ነው። ዛፉን ለማስዋብ ብሎ ግንዱ ድረስ ንጣፍ ማንጠፍ፣ በግንቡ ቀለበት ውስጥ አፈር መሙላት፣ ግንዱን ቀለም መቀባት፣ የዛፉን ስም ጽፎ በምስማር መቸንከር። ደግ ሐሳብ ነው፣ ዛፉን ግን ይጎዳዋል።

ታዲያ ስንት ሜትር ይተውለት? በእንግሊዝ አገር ለአንጋፋ ዛፎች የሚመከረው ከግንዱ ውፍረት 15 እጥፍ በየአቅጣጫው እንዲተው ነው። ቅድም ያሰላነውን ዛፍ እንውሰድ። ዙሪያው 5 ሜትር ከሆነ ውፍረቱ፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ያለው፣ ወደ 1.6 ሜትር ነው። በ15 ሲባዛ 24 ሜትር ይሆናል። ከግንዱ በሁሉም አቅጣጫ 24 ሜትር ሳይቆፈር፣ ሳይለሰን፣ ሳይጠቀጠቅ። ከተማ ውስጥ ይህን ማግኘት ከባድ ነው። ቢሆንም ልኩ ከታወቀ መሐንዲሱ ቦዩን በየት በኩል እንደሚያሳልፍ መነጋገር ይቻላል።

እሳትም አለ። ባዶ ግንድ ውስጥ ማገዶ የሚያነድ፣ ንብ ለማባረር የሚያጨስ፣ ከግርጌው ቆሻሻ የሚያቃጥል አይጠፋም። ሕይወቱ ዳሩ ላይ ነው ብለናል። እሳት የሚበላውም ያንኑ ነው።

አንድ ሰፈር ዛፎቹን እንዴት ያክብር?

ደቡብ አፍሪካ ትልልቅና ታሪካዊ ዛፎቿን አንድ በአንድ መርጣ፣ በደን ሕጓ መሠረት ጥበቃ እንዲደረግላቸው አውጃለች። ማንኛውም ሰው ዛፍ መጠቆም ይችላል። የተመረጠው ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ከላይ በሕግ እስኪመጣ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዕድር፣ አንድ ሰበካ ጉባኤ፣ አንድ ጀመዓ በአንድ ቅዳሜ ሊጀምረው ይችላል።

መጀመሪያ ዛፎቹን ጠቁሙ። አዛውንቶችን ጠይቁ፤ «በልጅነትዎ ከዚህ ያንስ ነበር? ማን ተከለው? ምን ተደርጎበታል?» መልሱን የተናገረውን ሰው ስምና ቀን ይዛችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ለኩ። የዝርያው ስም፣ የግንዱ ዙሪያ፣ ቁመቱ፣ የጥላው ስፋት በሁለት አቅጣጫ፣ የሥፍራው መገኛ ከስልክ ላይ፣ ፎቶ። ዝግባ፣ ጥድ ወይም ኮሶ ከሆነ ወንድ ይሁን ሴት። መዝገቡን በሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ ወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የዛፉን ስም የሚናገረው ሰሌዳ ለብቻው በቆመ እንጨት ላይ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ ይተከል።

በዓል ማድረግ ካማራችሁ ፍሬው የሚረግፍበትን ወቅት ምረጡ። ዘር መልቀም የዕለቱ ሥራ ይሁን። ሰው ሲበዛ ሥሩ እንዳይረገጥ ስብሰባው ከጥላው ወጣ ብሎ ቢሆን ይመረጣል። አስቸጋሪ ነው፣ አውቃለሁ። ጥላው ነው የሚጠራው። ቢያንስ መኪናው ከዚያ ይራቅ።

ግንዱን በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ከፍታ ለኩ። ወሩ አንድ መሆን ያለበት ቅርፊቱ በክረምት ውኃ ስለሚጠጣና ስለሚያብጥ ነው። የዘንድሮው ልክ ከአምናው በጣም ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ሲባጎው የዋለበት ከፍታ ተቀይሯልና 1.30 ሜትሩን ከመሬት አንስታችሁ እንደገና ለኩት።